ሳይሰብሩ ማየት፦ ከፓሪስ እስከ ቩርዝቡርግ

ማክሰኞ፣ ፓሪስ

ሥራዬ ቁስን መለካት ነው። ብረት ሲጎተት ምን ያህል እንደተሳበ፣ ብየዳ ውስጥ ስንጥቅ እንዳለና እንደሌለ ስለካ ውዬ አመሻለሁ። በየቀኑ የምነካቸው መሣሪያዎች የተወለዱበትን ቦታ በዓይኔ ለማየት ብዙ ዓመት ተመኝቻለሁ። ዘንድሮ የእረፍት ቀኖቼን አጠራቅሜ፣ አንዲት ቦርሳ አንግቤ በባቡር ተነሳሁ። እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የሄድኩት ቮዢራር መንገድ፣ ቁጥር 36 ነው። ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት ትይዩ፣ በቅስቶቹ ሥር፣ ግድግዳው ላይ አንድ የእብነ በረድ ድንጋይ ተገጥሟል። አንድ ሜትር ርዝመት ተለክቶበታል። ሕዝቡ አዲሱን መለኪያ እንዲለምድ በ1796 እና በ1797 በከተማው ከተተከሉት አንዱ ነው። መንገደኛው ቀና ብሎም አያየው። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን ሜትር ዘርግቼ ገጠምኩት፤ ድንጋዩንም በእጄ ዳሰስኩት። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዝናብና ፀሐይ ያልወሰደው ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ሴቭር ሄድኩ። ሴን ወንዝ አጠገብ፣ ሳን ክሉ መናፈሻ ጠርዝ ላይ ዓለም አቀፉ የክብደትና የመለኪያ ቢሮ አለ። 17 አገሮች ሜይ 20 ቀን 1875 የሜትርን ስምምነት ሲፈርሙ የተቋቋመ ነው። እንደ ሙዚየም ማንም ዘው የሚልበት ቦታ አይደለም፤ ከውጭ ቆሜ ነው ያየሁት። ከዚያ ግቢ ውስጥ፣ በሦስት ቁልፍ በሚከፈት ካዝና፣ የዓለም ሚዛን ሁሉ መነሻ የነበረው ኪሎግራም ተቀምጧል። ከመቶው 90 እጅ ፕላቲኒየም፣ 10 እጅ ኢሪዲየም ነው። ቁመቱም ወርዱም 39 ሚሊሜትር ገደማ። መዳፍ ውስጥ ይገባል።

የዚህ ዕቃ ታሪክ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በመቶ ዓመት ውስጥ ከቅጂዎቹ ጋር ሲመዛዘን ወደ 50 ማይክሮግራም የሚደርስ ልዩነት ተገኘ። አንዲት ደቃቅ የአሸዋ ቅንጣት ብትመዘን እንደዚያ ነው። ዋናው ቀለለ? ወይስ ቅጂዎቹ ከበዱ? መልስ የለም። ምክንያቱም ኪሎግራም ማለት ያ ቁራጭ ራሱ ነበር። እሱ ቢቀልልም ባይቀልልም ሁልጊዜ ልክ አንድ ኪሎ ነው። ለዚህ ነው ሜይ 20 ቀን 2019 ኪሎግራም ከቁራጭ ብረት ተላቆ ፕላንክ ኮንስታንት በሚባለው የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥር ላይ የታሰረው። ቁስ ይለወጣል። የኛ ሥራ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ስመለስ ከሴቭር ወደ ሞንፓርናስ የሚሄደውን ባቡር ያዝኩ። አውቄ ነው። ቤልቩ የምትባል ትንሽ ጣቢያ ያልፋል። ሜይ 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ሲመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክሰል (ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ) እዚህ አካባቢ ተሰብሮ ተገለበጠ፤ ተቃጠለ። ከ50 በላይ ሰው አለቀ። የፉርጎዎቹ በር ከውጭ ተቆልፎ ነበር። አክሰሉ በአንድ ቀን ጫና አይደለም የተሰበረው። ብዙ ጊዜ በዞረ ቁጥር ቀስ በቀስ የተሰነጠቀ ብረት ነው። ዛሬ የብረት ድካም እንለዋለን። ያኔ አይቶ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አልነበረም። ጀርመናዊው ኦጉስት ቮለር የባቡር አክሰል በጉዞ ላይ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ራሱ በሠራው መሣሪያ የለካው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1850ዎቹ መጨረሻ።

ቤልቩ ላይ ባቡሩ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆመም።

ረቡዕ፣ ፓሪስ፤ ማታ ወደ ግረኖብል

ኩሪ ሙዚየም የሚከፈተው ከሰዓት ነው። ትንሽ ነው። ብዙ ሰው የሚመጣው ለራዲየም ነው። እኔ የሄድኩት ለኳርትዝ።

በ1880 ፒየር ኩሪ 21 ዓመቱ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ዣክ ደግሞ 24። ሁለቱ ወጣቶች ኳርትዝንና ሌሎች ክሪስታሎችን ሲጫኗቸው ፊታቸው ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አዩ። ጫኑት፣ ኤሌክትሪክ ሰጠ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ግልባጩን አረጋገጡ፦ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ክሪስታሉ በጣም በትንሹ ይሳባል ወይም ይኮማተራል። ማሪ ኩሪ በኋላ ከዩራኒየም የሚወጣውን ጨረር የለካችው በዚሁ ኳርትዝ ነው። ፖሎኒየምና ራዲየም በ1898 የተገኙት በዚያ ልኬት ነው። ራዲየምን ሁሉም ያውቃል፤ የለካውን ድንጋይ ግን የሚያነሳው ሰው የለም።

ያቺን ክሪስታል ልብ በሉልኝ። እስከ ጉዞዬ መጨረሻ አልተለየችኝም።

አልትራሳውንድ የምንለው መመርመሪያ እምብርቱ እሷ ናት፤ ዛሬ በአብዛኛው ከሴራሚክ ትሠራለች። ኤሌክትሪክ ይመታታል፣ ትርገበገባለች፣ ድምፁን ወደ ብረቱ ውስጥ ትልካለች። ስንጥቅ ካለ ድምፁ ነጥሮ ይመለሳል፤ ያው ክሪስታል መልሳ ኤሌክትሪክ ታደርገዋለች። ብረት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ወደ 5,900 ሜትር ይጓዛል። ማሚቶው ደርሶ መልሱን በ20 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ከጨረሰ ስንጥቁ ያለው 59 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ነው። አልቆረጥነውም፤ አልሰበርነውም።

ማታ ከጋር ደ ሊዮን ወደ ግረኖብል ተሳፈርኩ። ጉዞው ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጨለማ ስለሆነ በመስኮት የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ስለ ራሴ ሥራ እያሰብኩ ሄድኩ።

ስትሬን ጌጅ የሚባለውን ሴንሰር ለማያውቅ ላሳየው። እንደ ጣት ጥፍር የምታህል ስስ ፕላስቲክ ናት። ላይዋ ላይ ቀጭን የብረት ክር ወዲያና ወዲህ ተመላልሷል። የሚለካውን ብረት መጀመሪያ በአሸዋ ወረቀት ትፈገፍጋለህ። ቀጥሎ በአሴቶን ታጸዳለህ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ። ጌጇን በቴፕ አንስተህ ቦታዋ ላይ ታስቀምጣለህ፣ አንድ ጠብታ ማጣበቂያ፣ ከዚያ በአውራ ጣት አንድ ደቂቃ መጫን። ጣትህ ሥር ሙቀት ይሰማሃል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ሲሳብ ክሩም አብሮ ይሳባል፤ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይለወጣል። አንድ ሜትር ዘንግ በአንድ ሺኛ ሚሊሜትር ቢሳብ፣ 120 ኦም የነበረው ጌጅ የሚለወጠው በ0.00024 ኦም ብቻ ነው። ያንን እናነባለን። አሜሪካ ውስጥ ሲሞንስና ሩጅ የሚባሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ በ1938 የደረሱበት ዘዴ ነው።

ሥራ ስጀምር አንድ ጊዜ በችኮላ በደንብ ሳላጸዳ ለጠፍኩ። ሦስት ሳምንት የፈጀ ሙከራ ገደል ገባ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ፤ ብረቱ ዘና ያለ መሰለን። የላላው ማጣበቂያው ነበር። ከዚያ ወዲህ አሴቶን ስይዝ አልቸኩልም።

ሐሙስ፣ ግረኖብል

ከተማዋ በሦስት ወገን በተራራ ተከባለች። ትራሙ መጨረሻ ላይ፣ ድራክና ኢዜር የሚባሉት ወንዞች ሊገናኙ በሚቀርቡበት ምድር፣ ትልቁ ቀለበት አለ። የአውሮፓ ሲንክሮትሮን የተባለው የኤክስሬይ ማሽን ነው። ዙሪያው 844 ሜትር። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ እዚያ ሙከራ ነበራት። በር ላይ ጠበቀችኝ። "እንኳን ደህና መጣህ፤ ዛሬ ብረት ውስጥ ነው የምናድረው" አለችኝ። አስመዘገበችኝና ገባን።

አዳራሹ ክብ ስለሆነ መጨረሻው አይታይም። ትሄዳለህ፣ ትሄዳለህ፣ ግድግዳው ይጎብጣል። ሰዎች ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው በብስክሌት ይሄዳሉ። ከግንቡ ወዲያ ኤሌክትሮኖች ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው፣ ቀለበቱን በሰከንድ ከ350 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራሉ። በማግኔት መንገዳቸው ሲታጠፍ ኤክስሬይ ይረጫሉ። ሐኪም ቤት ካለው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እጅግ ደማቅና እጅግ ቀጭን ነው። በ2020 ማሽኑ ታድሶ ሲከፈት ደግሞ ድምቀቱ ሌላ ደረጃ ላይ ደረሰ።

የጓደኛዬ ናሙና የክብሪት እንጨት የምታህል የአሉሚኒየም ዘንግ ናት። ሁለት ጫፏ በመጎተቻ ተይዟል። ትጎተታለች፣ ትለቀቃለች፣ እንደገና ትጎተታለች። በየመሃሉ ቀስ ብላ ትዞራለች፤ ጨረሩም እየዞረች ሳለ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ያነሳታል። ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን አዋህዶ የውስጧን ቅርጽ ይሠራል። እኛ በእርሳስ ከታሸገው ክፍል ውጭ ቁጭ ብለን ስክሪን ላይ እናያለን።

መጀመሪያ ግራጫ ነገር ብቻ ነበር። ቀጥሎ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች፣ ብረቱ ሲቀለጥ ውስጡ የቀሩ የአየር ጉድጓዶች። ከሺዎች ዙር በኋላ ከአንዱ ጉድጓድ ጠርዝ ቀጭን ጥቁር መስመር ብቅ አለ። ላይዋን ብታዩት ዘንጓ እንደ መስታወት ታብረቀርቃለች። ውስጧ ግን መሰንጠቅ ጀምሯል። ብረት ከላይ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ። ያ አባባል እንደዛሬ ገብቶኝ አያውቅም።

እኔ በተማርኩበት ጊዜ ይህን ለማየት ናሙናውን ቆርጠህ፣ ወልውለህ፣ በአሲድ አጥበህ ማይክሮስኮፕ ሥር ታደርገው ነበር። ያየኸው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ለመቆረጥ ደግሞ ሙከራው መቆም አለበት። ስንጥቁ ቀጥሎ የት ሊሄድ እንደነበር ከዚያ በኋላ ማንም አያውቅም። አሁን ያው ናሙና፣ ያው ስንጥቅ፣ ሲወለድና ሲያድግ ይታያል። ሰው የሚረሳው ይህን ልዩነት ነው።

እዚያው አጠገብ ሁለተኛው ትልቅ ተቋም አለ፤ ስሙ ላውኤ ላንዥቫን ነው። እዚያ መመርመሪያው ከኒውክሌር ሪአክተር የሚወጣ ኒውትሮን ነው። ኒውትሮን ብረትን በብዙ ሴንቲሜትር ጥልቀት ይዘልቃል። አቶሞቹ ተደርድረው በቆሙበት ንጣፍ መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ ይወጣል። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የቀረ ጫና ካለ ያ ርቀት በጣም በትንሹ ሰፍቶ ወይም ጠቦ ይገኛል። አስቡት፤ ማጣበቂያ የለም፣ ክር የለም። የብረቱ የራሱ አቶሞች ስትሬን ጌጅ ሆነው ያገለግላሉ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ዓርብ፣ መንገድ ላይ

በጄኔቭ በኩል ዙሪክ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነበር። ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ሩሽሊኮን

ከዙሪክ በሐይቁ ዳር ባቡር ሩሽሊኮን ጥቂት ደቂቃ ነው። ከጣቢያው ዳገቱን ወጣሁ። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም የምርምር ማዕከሉን እዚህ ኮረብታ ላይ ሠርቷል። ቅዳሜ ነው፤ ዝም ብሏል። አጥሩ ጋ ቆሜ ሐይቁን አየሁ።

ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር ከረዳቶቻቸው ጋር በ1981 አቶምን አንድ በአንድ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ የሠሩት እዚህ ነው። መስታወት የለውም፤ ብርሃንም አይጠቀምም። ሹል የብረት መርፌ ብቻ ነው። መርፌው ገጹን ሳይነካ ጥቂት አቶም ያህል ሲጠጋ፣ ኤሌክትሮኖች ባዶውን ክፍተት ሾልከው ያልፋሉ። ክፍተቱ የአንድ አቶም ግማሽ እንኳ በማይሞላ ርቀት ሲሰፋ የኤሌክትሪክ ጅረቱ ወደ አሥር እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ ጅረቱን የያዘ ሰው ከፍታውን ያዘ ማለት ነው።

ለመሆኑ መርፌውን እንዲህ አነስተኛ ርቀት የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው? በጥርስና በቡሎን አይሆንም። የኩሪ ወንድማማቾች ግኝት ነው! ለክሪስታሉ ትንሽ ቮልት ይሰጡታል፣ ከአቶም ባነሰ ርቀት ይሳባል። 1880 ላይ ፓሪስ ውስጥ የታየው ነገር መቶ ዓመት ቆይቶ እዚህ ኮረብታ ላይ አቶም ዳሰሰ።

ከባዱ ጠላት ንዝረት ነበር። መርፌውና ገጹ መካከል ያለው ርቀት ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ አካባቢ ነው፤ በኮሪደሩ የሚሄድ ሰው ርምጃ ያናውጠዋል። የመጀመሪያውን ማሽን በእጅግ ቀዝቃዛ የእርሳስ ጎድጓዳ ሳህን ላይ በማግኔት አንሳፈው ነበር የሠሩት። በኋላ ዘዴው ቀለለ። የብረት ሳህኖች ይደረደራሉ፣ በየመሃላቸው የጎማ ቁራጮች ይገባሉ፤ በቃ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ይነካኛል። የሲሊከንን ገጽ መጀመሪያ ሲያዩ ውጤቱ የሚወጣው ወረቀት ላይ በብዕር በተሳለ መስመር ነበር። መስመሮቹን አንድ በአንድ ቆርጠው፣ ደርድረውና አጣብቀው በእጅ የሚዳሰስ የአቶም ኮረብታ ሠሩ። በመቀስና በማጣበቂያ። በዚያ ነው ለዓመታት ሲያከራክር የነበረው የሲሊከን ገጽ አደራደር የታየው። ኖቤል ሽልማቱ በ1986 መጣ። በዚያው ዓመት ቢኒግ ከተመራማሪዎቹ ከኳትና ከገርበር ጋር ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገርንም የሚዳስስ መሣሪያ ይፋ አደረገ። ዛሬ ፕላስቲኩም፣ ቀለሙም፣ ሴራሚኩም በዚያ ይመረመራል።

እሁድ፣ ሙኒክ

ሙኒክ ስደርስ ቀትር አልፏል። በዩኒቨርሲቲው በኩል ተራመድኩ። በ1912 ማክስ ፎን ላውኤ ሐሳቡን አቀረበ፤ ፍሪድሪሽና ክኒፒንግ ሙከራውን ሠሩ። ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ክሪስታል ላይ ኤክስሬይ ለቀቁ። ከኋላው የተቀመጠው የፎቶ ሰሌዳ ላይ ነጠብጣቦች ወጡ። አቶሞች በሥርዓት ተደርድረው እንደሚቆሙ የመሰከሩ ነጠብጣቦች ናቸው። ሐሙስ ግረኖብል ያየሁት ሁሉ የሚነሳው ከዚያች ሰሌዳ ነው።

ይህች ከተማ ለእኔ ሌላም ትርጉም አላት። ዮሴፍ ካይዘር የሚባል ተመራማሪ በ1950 እዚህ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ብረት ሲጎተት ምን እንደሚል አዳመጠ። ብረት ድምፅ አለው። ውስጡ ትንሽ ነገር በተንሸራተተ ወይም በተሰነጠቀ ቁጥር ጠጠጥ ይላል፤ አብዛኛው ጆሮ የማይሰማው ነው። ካይዘር ያስተዋለው ይሄን ነው፦ አንዴ የተጫነን ብረት ለቅቀህ እንደገና ብትጭነው ዝም ይላል። ድሮ ከደረሰበት ጫና አልፈህ ስትሄድ ብቻ እንደገና ይናገራል። ብረቱ የቻለውን ያስታውሳል ማለት ነው።

እኔም ሰምቼዋለሁ። ከካርቦን ክር የተሠራ ዘንግ ላይ ትንሿን ሴንሰር ቀባብተን ገጠምን። ውስጧ ያው ክሪስታል ናት። ድምፁን ወደ ማጉያ ወሰድነው። ጫናው ሲጨምር መጀመሪያ ጸጥታ። ቀጥሎ አንድ ጠብ። ቆይቶ ሁለት። ከዚያ እሳት ላይ እንዳለ ጨው መንጣጣት ጀመረ። ዘንጉ ላይ በዓይን የሚታይ አንዳች ነገር አልነበረም። የተሰበረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ዛሬ ድልድይና የጋዝ ታንክ ላይ እንዲህ ዓይነት ጆሮ ተለጥፎ ቀን ከሌት የሚያዳምጥበት ጊዜ ነው።

ሰኞ፣ ቩርዝቡርግ

ጠዋት ፈጣኑን ባቡር ይዤ ወደ ሰሜን። ወደ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። መቀመጫዬ ከጎማው በላይ ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ ይሰማል።

ጁን 3 ቀን 1998 ከሙኒክ ወደ ሃምቡርግ የሚሄድ ፈጣን ባቡር ኤሼዴ አጠገብ ተገለበጠ። 101 ሰው ሞተ። ባቡሩ በሰዓት 200 ኪሎሜትር ይሄድ ነበር። የተሰበረው የአንድ ጎማ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱና የጎማው መሃል በላስቲክ የተለያዩ ነበሩ። በዞረ ቁጥር ቀለበቱ በትንሹ ይለጠጣል፤ ስንጥቁ የጀመረው ከውስጥ በኩል ነው። ከውጭ የሚመለከት ሰው አያየውም። የባቡሩ ስም "ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን" ነበር። ኤክስሬይን አግኝቶ ብረትን በውስጡ ማየት እንደሚቻል ለዓለም ያሳየው ሰው ስም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሰበራል።

ከአደጋው በኋላ ያ ዓይነት ጎማ ከፈጣኖቹ ባቡሮች ወጣ፤ በአንድ ወጥ ጎማ ተተካ። ፍተሻውም ጠበቀ። የብዙዎቹ ፈጣን ባቡሮች አክሰል ዛሬ መሃሉ ቧንቧ ነው። ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ የአልትራሳውንድ መመርመሪያ በዚያ ቀዳዳ ይገባል። እየዞረ ከውስጥ ወደ ውጭ ይመለከታል። ያቺው ክሪስታል ናት፤ ቤልቩ ላይ ያልነበረችው።

ከቩርዝቡርግ ጣቢያ ሮንትገን ሪንግ ቁጥር 8 በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የድሮው የፊዚክስ ተቋም ነው። ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ማታ ሮንትገን ኤሌክትሪክ ከሚያልፍበት፣ በጥቁር ካርቶን ከሸፈነው የመስታወት ቱቦ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰሌዳ ሲያበራ ያየው እዚህ ነው። ክፍሉ ከጠበቅሁት ያንሳል። ከእኔ ሌላ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ የሚስቱን እጅ ምስል እያዩ በዝግታ ያወሩ ነበር። ቀለበቷ ያለበት የአጥንት ጣት፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው።

ሮንትገን በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጣው የመጀመሪያ ጽሑፍ ያነሳቸውን ምስሎች ይዘረዝራል። እጅ አለ። በሳጥን ውስጥ የተዘጉ ሚዛን ድንጋዮች አሉ፤ ሴቭር ትዝ አለኝ። በብረት የተከበበ ኮምፓስ አለ። ከዚያ ደግሞ ውስጡ ወጥ አለመሆኑ በጨረሩ የታወቀ አንድ ቁራጭ ብረት። ገና ከመጀመሪያው ሳምንታት! ቀጥሎ የራሱን የአደን ጠመንጃ አነሳ። ቅጂው ስልኬ ላይ አለ፤ አወጣሁትና እዚያው ቆሜ አየሁት። ጥይቱ ቦታው ላይ ተቀምጦ ይታያል። የበርሜሉ ብረት ላይ፣ ከውጭ ማንም የማያየው ጉድለት አለ። ምስሉን በጣቶቼ አሰፋሁት።

ወጣቶቹ ሄዱ። እኔም ቆይቼ ወጣሁ። ጣቢያው ላይ ባቡሬ ሲገባ መድረኩ ጠርዝ አካባቢ ጎንበስ ብዬ ጎማዎቹን አየሁ። የሚሽከረከሩበት ገጽ ያብለጨልጭ ነበር። እስኪቆም ድረስ ድምፁን አዳመጥኩ።